በ140,000 ብር ምን ዓይነት ስፒከር? የልደታው ሳሎናችንና የደረሱኝ ምላሾች

ሰላም ለመድረኩ ቤተሰቦች። ይህን ክር የከፈትኩት በጥር መጀመሪያ ነበር። ምላሹ እየበዛ፣ አንዳንዱም ከርዕሱ እየወጣ ስለሄደ፣ አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ገጽ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቸግረዋል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ልተርክ። የሰዎቹን ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ሐሳባቸውን በራሴ አነጋገር አስቀምጠዋለሁ።

መጀመሪያ የእኔ ጥያቄ። ከአባቴ ጋር የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን ርዝመቱ 4.9 ሜትር፣ ወርዱ 3.5 ሜትር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ 2.6 ሜትር ነው። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው የተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያው ኮንክሪት። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚገፋው በማዳመጥ ነው። ሁዳዴ ሲገባ ከበገና በቀር ሌላ አይከፈትም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ክራርና ማሲንቆው፣ የድሮዎቹ ኦርኬስትራዎች ከነጥሩምባቸው ይመለሳሉ። ካሴቶቹን አንድ በአንድ ወደ ፍላሽ ገልብጬለታለሁ። የሚያዳምጣቸው ግን በቴሌቪዥኑ ስፒከር ነው፤ ባየሁት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። ሁለት ዓመት ያጠራቀምኩት 140,000 ብር አለ፤ ስፒከሩም፣ ድምፁን የሚያጎላለት አምፕሊፋየሩም (በአጭሩ አምፑም) ከዚሁ መውጣት አለባቸው።

ሁለት ምርጫ አቅርቤ ነበር። አንደኛው ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ የሚመለስ የውጭ ዜጋ የሚሸጠው ያገለገለ ኬፍ ኤልኤስ 50 የሚባል ትንሽ ስፒከር ነው፤ ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ዋጋው 95,000 ብር። ሁለተኛው ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ያየሁት ደረት የሚደርስ አዲስ ቁም ስፒከር፣ ከነአምፑ 120,000 ብር። ያደላሁት ወደ ሁለተኛው ነበር። በዚያው ገንዘብ ብዙ እንጨትና ብዙ ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) አገኛለሁ ብዬ ማሰቤንም አልደበቅሁም።

ቁጥር 1 ላይ የመለሱልኝ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን በቴፕና በራዲዮ ጥገና ያሳለፉ አባት ናቸው። ሰላምታ ሰጥተው፣ ለአባቴ ጤና ተመኝተው፣ አንዱንም ምርጫ ግን ሳይነኩ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፦ ስፒከሩ ከግድግዳው ስንት ሴንቲ እንደሚርቅ፣ አባቴ የት እንደሚቀመጥ፣ ጮክ አድርጎ ይሁን ዝግ አድርጎ እንደሚያዳምጥ፣ ምንጣፍ ይኑር አይኑር። የአባቴ ወንበር የኋላውን ግድግዳ ተደግፎ እንደሚቀመጥ፣ ድምፁን ዝግ እንደሚያደርግ፣ ምንጣፍ እንደሌለን ነገርኳቸው። ሌሎቹ እስኪናገሩ እንድታገሥ መክረው ዝም አሉ።

ቁጥር 2 ዕቃውን የሚነግድ ሰው ይመስላል። ቁሙን ዓይኔን ሳላሽ እንድወስድ፣ 2,000 ዋት የሚል ተለጥፎበት ካየሁ ለዓመታት እንደሚበቃኝ፣ ትንሹ ግን ለመኝታ ቤት እንጂ ለሳሎን እንደማይሆን ጻፈ። በትሕትና ነው የጻፈው፤ አልተቀየምኩም።

ቁጥር 3 ግን ወዲያው አረመው። ካርቶን ላይ የሚታየው 2,000 እና 3,000 ዋት ፒኤምፒኦ የሚሉት ቁጥር እንደሆነ፣ ለቅጽበት እንኳ በተግባር የማይገኝ ኃይል ተደምሮ እንደሚጻፍ፣ ሊታይ የሚገባው አርኤምኤስ የሚለው፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚያሳየው መስመር መሆኑን አስረዳ። አንድ ቀላል ዘዴም ጨመረ፤ እኔ ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት ሱቅ ሁሉ ተጠቅሜበታለሁ። የአምፑን ጀርባ አዙሮ ከግድግዳ ስንት ዋት እንደሚስብ የተጻፈውን ማንበብ ነው። ከሶኬቱ 100 ዋት የሚወስድ ዕቃ ሳያቋርጥ 2,000 ዋት የሚሰጥበት መንገድ የለም። ፒያሳ ያየሁትን ሄጄ አዞርኩት፤ 120 ይላል።

ቁጥር 4 አምስት ኪሎ ኤሌክትሪካል ምህንድስና የምትማር እህት ናት። የክሩ ምርጥ ምላሽ የእሷ ነው ብል ሌሎቹ አይቀየሙኝም። ስፒከር ሲመረጥ ከዋት በፊት ሴንሲቲቪቲ መታየት እንዳለበት ጻፈች፤ ማለትም 2.83 ቮልት ሲገባለት በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ያወጣል የሚለው። በየ3 ዲሲቤሉ ልዩነት የሚያስፈልገው ኃይል እጥፍ ይሆናል። የኤልኤስ 50 ሴንሲቲቪቲ 85 ዲሲቤል ነው፤ ቁሙ 91 ከሆነ፣ ያንኑ ድምፅ ለማውጣት ትንሹ አራት እጥፍ ኃይል ይጠይቃል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደንግጦ ትልቁን ይገዛል፤ እሷ ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው ሠራችው። አባቴ ከ2.5 ሜትር ርቀት፣ በአማካይ በ75 ዲሲቤል ቢያዳምጥ፣ አማካዩን ለመሸከም ለአንዱ ስፒከር የሚበቃው የአንድ ዋት ሲሶ ያህል ነው። ጥሩምባውና ከበሮው ድንገት ከአማካዩ 20 ዲሲቤል ቢዘሉ መቶ እጥፍ ያስፈልጋል፤ ይህም 30 ዋት ገደማ ነው። ስለዚህ ጨዋ የሆነ የ50 ወይም የ60 ዋት አምፕ ይበቃል አለች። አንድ ማስጠንቀቂያም አስከተለች፦ ኤልኤስ 50 ላይ 8 ኦም (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ መለኪያ፤ ሲወርድ አምፑን ያደክማል) ተብሎ ቢጻፍም በአንዳንድ ድምፅ ላይ እስከ 3.2 ኦም ስለሚወርድ፣ በርካሽና በደካማ አምፕ ማንዳት አይገባም።

ቁጥር 5 ከፍታ የሚል ነገር ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ስፒከር የሚገፋው ደግሞ አየር ነው፤ ስለዚህ እዚህ የሚወጣው ድምፅ ፋብሪካው ከጻፈው ያንሳል። ቁጥር 6 ይህን ሲያነብ ተናደደ። እንዲህ ያለ ወሬ ሰው ግራ ከማጋባት በቀር ጥቅም እንደሌለው፣ ቀጥሎ ደግሞ እንጀራው ያልተነፋው በስፒከሩ ምክንያት ነው እንደምንባል በቁጣ ጻፈ። ቁጥር 7 ሆና የተመለሰችው ያችው የአምስት ኪሎዋ እህት ናት፤ ሁለቱንም አስታረቀች። ነገሩ እውነት እንደሆነ፣ የአየሩ ጥግግት ባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንስ፣ በድምፅ ሲተረጎም ግን 2 ዲሲቤል ገደማ ብቻ እንደሆነ አስላች። ቀድማ ያወጣችው 30 ዋት በዚህ ምክንያት ወደ 50 ከፍ ይላል፤ 60 ዋት ያለው አምፕ አሁንም ይበቃል። ስስ አየር አምፕንም በደንብ ስለማያቀዘቅዝ ቁምሳጥን ውስጥ እንዳልከተው፣ ላዩም ላይ ዳንቴል እንዳላለብስ አሳሰበች። ዳንቴሉን እንዴት እንዳወቀችብኝ ገርሞኛል፤ የእናቴ እጅ ሥራ ነው፣ ቴሌቪዥናችን ላይ አለ።

ቁጥር 8 ነገሩን ከስፒከር ወደ ክፍል አዞረው። አራት ኪሎ አካባቢ ስቱዲዮ ውስጥ የሠራ ሰው ነው። ሳሎኑ መሐል ቆሜ አንዴ እንዳጨበጭብ ነገረኝ። አጨበጨብኩ፤ ከጭብጨባው ኋላ ድምፁ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ዝርርር እያለ ሲመላለስ ሰማሁት። እዚያ ቤት አሥር ዓመት ኖሬ አላስተዋልኩትም ነበር። ቀጥሎ የክፍሉን መጠን ይዞ አሰላልኝ። ድምፅ በሴኮንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ ይህን ለክፍሉ ርዝመት እጥፍ ሲያካፍሉት ክፍሉ ራሱ የሚያስተጋባው ዝቅተኛ ድምፅ ይገኛል። የእኛ በርዝመቱ 35 ኸርዝ (በሴኮንድ 35 ንዝረት)፣ በወርዱ 49፣ በከፍታው 66 ነው። ቁሙ ስፒከር እነዚህን ሁሉ ይቀሰቅሳቸዋል፤ ኮንክሪቱ ስለማይውጣቸው ቤዙ ቡም ብሎ ይቀራል። ኤልኤስ 50 ከ79 ኸርዝ በታች እየደከመ ስለሚሄድ እንዲህ ያለውን ክፍል ብዙ አያስቆጣውም። የቤዝ ግፊት የሚበረታው ደግሞ ግድግዳ ሥር ነው፤ የአባቴ ወንበር ያለው እዚያው ነው። ከግድግዳው ቢያንስ 60 ሴንቲ እንዲርቅ፣ ከስፒከሮቹ ፊት ወፍራም ምንጣፍ እንዲነጠፍ፣ መጋረጃው ድርብ እንዲሆን መከረ።

እዚህ ላይ ሐሳቤ መነቃነቅ ጀመረ። እስከዚያ ድረስ ብዙ ቤዝ ማለት ብዙ ጥቅም ይመስለኝ ነበር።

ቁጥር 9 ጎረቤት ነው የሚጠቀመው አለና አለፈ፤ ማለቱ ቤዝ በኮንክሪቱ ሰንጥቆ ታች ላሉት ይደርሳል ነው። አጭር ናት፣ ግን ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ናት። ቁጥር 10 እና 11 ይህንን ተከትለው በየብሎካቸው ያለውን የኮሚቴ ስብሰባና የሠርግ ሰሞን ጭቅጭቅ አወሩ፤ እዚህ አልደግመውም።

ቁጥር 12 የደረሰበትን አወጋ። መርካቶ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ ባለትልቅ ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው ክፍል) ስፒከር ገዝቶ ነበር። ቤቱ ወስዶ ጨርቁን ገልጦ የዉፈሩን ጠርዝ በጣቱ ሲነካው፣ ዙሪያውን የያዘው ስፖንጅ እንደ ደረቀ ዳቦ ፍርፍር ብሎ መዳፉ ላይ ቀረ። ሲያስቡት ያሳዝናል፤ ሦስት ወር የቆጠበበት ነው። ስፖንጁ ከ15 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ በራሱ እንደሚበሰብስ፣ ጎማ የሆነው ግን ብዙ እንደሚቆይ አስረዳ። ስለዚህ ያገለገለ የሚገዛ ሰው ጨርቁን ሳያስገልጥ ገንዘብ እንዳይቆጥር፣ ኮኑንም (የሚርገበገበውን ሾጣጣ ክፍል) ከሁለት ወገን በእኩል ጣት በቀስታ ገፍቶ የመፋቅ ድምፅ እንዳለው እንዲያዳምጥ ነገረን። ጋሼ በቁጥር 13 ተመልሰው ሌላ ጨመሩ፦ የ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ይዞ መሄድ ነው። ፖዘቲቩን ከቀዩ፣ ኔጋቲቩን ከጥቁሩ ለቅጽበት ሲያስነኩት ኮኑ ወደ ውጭ መዝለል አለበት። አንዱ ወደ ውጭ ሌላው ወደ ውስጥ ከሄደ፣ አንድ ቀን ጠጋኝ ሽቦውን አገላብጦታል ማለት ነው።

ከቁጥር 14 እስከ 18 ክሩ ስለ ዶላር ሆነ። ብሩ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የስፒከር ዋጋ የት እንደደረሰ፣ ቀድሞ የገዛው እንዴት እንዳተረፈ፣ ያልገዛው እንዴት እንደተቃጠለ ተባለ። አንዱ ከዱባይ በሻንጣ ማስመጣት እንደሚሻል ሲናገር፣ ሌላው በአንድ ወገን 7 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ በሻንጣ ማምጣት የሚያስከትለውን የቀረጥ ጣጣ ዘረዘረ። ቁም ነገር ነበረበት፤ ግን ለእኔ ጥያቄ ሩቅ ነበር።

ቁጥር 19 በኃይለ ቃል መጣ። ሰው የቤት ኪራይ መክፈል ባቃተው ዘመን 140,000 ብር ለሁለት ሣጥን ማውጣት ነውር እንደሆነ፣ ይህ መድረክም የሀብታም ልጆች መጫወቻ መሆኑን ጻፈ። ብዙ ሰው ሊሰድበው ተነሣ፤ እኔ ግን በቁጥር 20 ራሴ መለስኩለት። ሀብታም እንዳልሆንኩ፣ ገንዘቡን ከደመወዜ በየወሩ እየቆነጠርኩ እንዳስቀመጥኩ፣ አባቴ ከእናቴ ሞት በኋላ ከሰው ጋር ብዙ እንደማያወራ፣ የሚያስደስተው ይህ ብቻ እንደሆነ ነገርኩት። ቁጥር 19 በማግስቱ ይቅርታ ጠየቀ። የእሱም አባት ከካሴት አይለዩም ነበር አለ።

ቁጥር 21 እና 22 ኬብል ላይ ተጋጩ፤ የክሩ መራራው ክፍል ይህ ነው። ቁጥር 21 ያለ 8,000 ብር ኬብል ጥሩ ስፒከር ከንቱ እንደሆነ፣ ልዩነቱን የማይሰማ ሰው ጆሮው ያልሠለጠነ መሆኑን ተናገረ። ቁጥር 22 ሰውን በጆሮው መስደብ ተገቢ እንዳልሆነ ገልጾ ቁጥር አቀረበ፦ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ የመዳብ ሽቦ፣ 3 ሜትር ርቀት ደርሶ ሲመለስ ያለው ሬዚስታንስ (ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ) ከ0.05 ኦም በታች ነው፤ ከ8 ኦም ስፒከር አጠገብ ይህ ምንም ማለት አይደለም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም እንዳይሸጡልን ነው፤ ጫፉን በምላጭ ሲፍቁት ውስጡ ነጭ ከሆነ መተው። ቁጥር 21 ለዚህ የሰጠው መልስ ስድብ ስለነበረበት የመድረኩ ኃላፊዎች አነሡት። እኔ የቁጥር 22ን ተቀብያለሁ፤ መርካቶ ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ 1,200 ብር የወጣበት ሽቦ እስከ ዛሬ ሥራውን እየሠራ ነው።

ቁጥር 23ን ሳነብ ሌሊት ነበር፤ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በገና የሚደረድር ሰው ነው። አባቴ በዋናነት የሚያዳምጠው በገና ከሆነ ስፒከሩ መፈተን ያለበት በበገና ነው አለ። የበገና ነዛሪ ድምፅ የሚመጣው አውታሩ ብርኩማው (አውታሮቹን የተሸከመው እንጨት) ላይ ሲያርፍ በመካከላቸው ከምትገባው ትንሽ ቆዳ ነው፤ አውታሩ እየተርገበገበ ይነካታል፣ ይለቃታል። ስለዚህ አንድ አውታር ሲነካ ሁለት ነገር ይሰማል፦ መጀመሪያ የጣቱ ምት፣ ከዚያ እየሰፋ የሚሄደው ንዝረት። መጥፎ ስፒከር ሁለቱን ቀላቅሎ እንደ ትራንስፎርመር ያጓራዋል፤ ሌላው ዓይነት መጥፎ ስፒከር ደግሞ ንዝረቱን ያቀጥነውና ዝንብ ያደርገዋል። ጥሩው ምቱን ከንዝረቱ፣ ንዝረቱን ከደርዳሪው ዝግ ያለ ድምፅ ለይቶ ያሰማል። አዳማጩ ቃሉን ካልለየ ጸሎቱ ምኑ ላይ ነው ብሎ ጠየቀ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በአብዛኛው መካከለኛው ድምፅ ላይ እንጂ ክፍል በሚያናውጠው ቤዝ ላይ አይደለም።

ቁጥር 24 ከዚህ ተነሥቶ የበገና 10 አውታሮች የዐሥርቱ ትእዛዛት ምሳሌ መሆናቸውን ጻፈ፤ ቁጥር 25 ስለ ደርዳሪዎች ጨመረ፤ ለአንድ ቀን ያህል ስፒከር የሚባል ነገር ተረሳ። ደስ የሚል ቀን ነበር።

ቁጥር 26 እንዴት መወሰን እንዳለብኝ ነገረኝ። ፍሎይድ ቱል የተባለው ካናዳዊ ተመራማሪና ባልደረባው ሾን ኦሊቭ በ1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች ስፒከሩን እያዩ ሲያዳምጡና ተከልሎ ሲያዳምጡ የሚሰጡት ፍርድ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ ዓይን ጆሮን ያሳስታል። ስለዚህ ትንሹና ትልቁ ከነጠላ ጀርባ ሆነው አባቴ እንዲፈርድ ሐሳብ አቀረበ። ነጠላ ስስ ስለሆነ ድምፅ አይከለክልም። ግን ሁለቱ እኩል መጮህ አለባቸው፤ በጥቂቱም ቢሆን በልጦ የጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ በስልክ የድምፅ መለኪያ ማስተካከል ነው።

ቁጥር 27 እዚያው ልደታ፣ ከእኛ ሦስት ብሎክ ርቆ የሚኖር ወንድም ነው። እሱ ያለው ቁም ስፒከር ፒያሳ ካየሁት ጋር ተቀራራቢ ስለሆነ ሊያውሰኝ ፈቀደ። እንዲህ ያለ ሰው እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሊፍት የሌለውን ሕንፃ አራት ፎቅ ሁለታችን ተሸክመን አወጣነው።

ኤልኤስ 50ውን ለማየት የሄድኩት ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሰውየው ዕቃውን በካርቶን እያሸገ ነበር። በስልኬ ባትሪ የኮኑን ዙሪያ አየሁ፤ ጠርዙ ጎማ ነው፣ አንድም ስንጥቅ የለበትም። የሚያምር ዕቃ ነው፤ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ቲዊተር ከዉፈሩ መሐል እምብርት ላይ ተቀምጧል፣ ድምፁ ሁሉ ከአንድ ነጥብ ነው የሚወጣው። ኩባንያው በ2012 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያወጣው የ50 ዓመት ጉዞውን ለማሰብ ነው፤ መነሻ ያደረገውም የእንግሊዙ ቢቢሲ ለቀረጻ መኪኖቹ ያሠራውን ትንሹን ኤልኤስ 3/5ኤ ነው። የድንጋዩን ፈተና አደረግሁ፤ ሁለቱም ወደ ውጭ ዘለሉ። መያዣ አስይዤ ለአንድ ሌሊት ወሰድኳቸው።

ማታ ገመድ ወጥረን ሁለት ነጠላ ዘረጋን። አባቴ ከኋላው ምን እንዳለ አያውቅም። መጀመሪያ የድሮውን ኦርኬስትራ ከፈትን። ሳያመነታ ትልቁን መረጠ፤ ከበሮው ሆዱን እንደነካው ተናገረ። ቁጥር 27 ወደ እኔ አየ፤ እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ቀጥለን በገናውን ከፈትን። በትልቁ ሲሰማ ዝም አለ። በትንሹ ስንቀይረው ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ወደፊት ቀረበ፤ ከንፈሩ ከደርዳሪው ጋር መንቀሳቀስ ጀመረ። ካሴቱ ያረጀ ስለሆነ እነዚያን ስንኞች እንደማይለያቸው ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ነግሮኛል። መልሰን ወደ ትልቁ፣ ደግመን ወደ ትንሹ አዞርን፤ ምርጫው አልተለወጠም። ከዚያ ወንበሩን ከግድግዳው 60 ሴንቲ አውጥተን ኦርኬስትራውን እንደገና ስንከፍት፣ በዚያም ትንሹን መረጠ። ልዩነቱ የክፍሉ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ትልቁ ስፒከር መጥፎ አልነበረም፤ ሰፊና ምንጣፍ የሞላበት ሳሎን ቢሆን እሱን እገዛ ነበር። ለእኛ ግን አልሆነም።

ሒሳቡን ለሚጠይቁ፦ ስፒከሩን ተደራድሬ በ88,000 ብር ገዛሁት። ያገለገለ ያማሃ ኤ-ኤስ 301 አምፕ፣ ባለ60 ዋት፣ 38,000። ማቆሚያውን ሰፈር ያለ ብየዳ ቤት በቱቦላሬ ሠራልኝ፤ 4,500። ውስጡን በደረቅ አሸዋ ሞልቼዋለሁ፤ ባዶውን ሲመቱት እንደ ደወል ይጮህ ነበር፣ አሁን ድም ብሎ ይቀራል። ከሥሩ ከምናለሽ ተራ የተቆረጠ የመኪና ጎማ አለ። ቁመቱን የለካሁት አባቴ ተቀምጦ ጆሮው ካለበት ነው። ምንጣፉ 6,000፣ ሽቦው 1,200። ጠቅላላ 137,700 ብር።

ቁጥር 28 ስታብላይዘር ያልገዛሁት ለምን እንደሆነ በቁጣ ጠየቀኝ፤ ልክ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ የስንቱን አምፕ እንደበላ ጋሼም በቁጥር 29 መሰከሩ። በሚያዝያ ደመወዝ እገዛዋለሁ፤ እስከዚያ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን እነቅላለሁ።

ትናንት ቁጥር 30 ገባ፤ ጎተራ አካባቢ የሚኖር፣ ቁም ስፒከር ገዝቶ ቤዙ አላስቀምጥ ያለው ሰው ነው። ኬብል ቀይሮ እንዳልተሻለው፣ አሁን ሳብዉፈር (ቤዝ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ይጨምር እንደሆነ ይጠይቃል። የሳሎኑን ርዝመትና ወርድ፣ የሚቀመጥበት ወንበር ከግድግዳው ስንት ሴንቲ እንደሚርቅ ጠይቄዋለሁ። እስካሁን አልመለሰም።